የእኛ ወገን ቁመት

እህቴ የተዳረችው ጥር ላይ ነው። የጥሪ ካርዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ያዘጋጀሁበት ፕሮግራም ደግሞ ላቴክ ይባላል። ጤነኛ ሰው የሰርግ ካርድ በላቴክ አይሠራም። ጤነኛ ሰው ፒያሳ ይወጣል፣ መስታወት ስር ከተደረደሩት ካርዶች አንዱን በጣቱ ይጠቁማል፣ ስሞቹን ሰጥቶ ይመለሳል፣ በቀጠሮው ሄዶ ይቀበላል። እኛም እንደዚያ ብናደርግ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልን ነበር። ቢቀርልን ይሻል ነበር ወይ ለሚለው እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ላቴክ ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ ማሰናጃ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው፣ ስትጽፉ ገጹ ምን እንደሚመስል አለማየታችሁ ነው። ጽሑፉንና ትእዛዙን ቀላቅላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ለማሽኑ ትሰጣላችሁ፣ ማሽኑ ያስባል፣ ከዚያ ወይ ገጽ ይሰጣችኋል ወይ ይቆጣችኋል። በዚያን ጊዜ አማርኛውን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነበር፤ ወደ ራሳችን ፊደል የሚመልሰው ማሽኑ ነው። እናቴ አንድ ቀን ቢሮ መጥታ ስክሪኑን አየችና "ይሄ የማን አገር ቋንቋ ነው?" አለችኝ። "አማርኛ" አልኳት። ዝም አለች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስለሆነች ዝም ስትል ማርክ እየቀነሰች እንደሆነ አውቃለሁ።

ቢሮአችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንድ ቪላ ውስጥ ነበር። ስለ ከብት መኖ ያጠናል። የእኔ ሥራ ሪፖርቶቹን በሁለት ዓምድ ማሰናዳት ነው፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። አለቃዬ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ዶክተር ናቸው። ላቴክን ይዘው የመጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ በሌላ ፕሮግራም የተሠራ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ያልታጠበ ብርጭቆ እንደቀረበለት ሰው በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል። ከምንም በላይ የማይወዱት ግን የተዛነፈ ዓምድ ነው። የአማርኛው አንቀጽ ሲረዝም እንግሊዝኛው ወደፊት ይሄዳል፤ ጥቂት ገጽ እንደተሄደ በግራ ስለ ድርቆሽ፣ በቀኝ ስለ ወተት ይወራል። አለቃዬ ይህን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ፤ ያን ዕለት ማንም ፈቃድ አይጠይቃቸውም።

ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ፈጠርኩ። ስሙንም "እኩል" አልኩት። እኩል ሁለት ጽሑፍ ይቀበላል፤ እያንዳንዱን በማይታይ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ የሳጥኖቹን ቁመት ለክቶ ያወዳድራል። የረዘመውን አይነካውም። ያጠረውን ግን የረዘመው ያህል ቁመት ይሰጠውና በነጩ መሃል ያቆመዋል። ፍርድ ቤት እንኳን እንዲህ ቶሎ አይፈርድም።

መጀመሪያ ላይ ግን አልሠራም። ቁጥሮቹ እኩል ናቸው ይላል፤ ወረቀቱን ስታዩት እኩል አይደሉም። ስንት ቀን ከማሽኑ ጋር ስንጣላ ሰነበትን። ለካ ይህ ፕሮግራም አንድን ሳጥን የሚለካው ሁለቴ ነው፤ ፊደሉ ከሚቀመጥበት መስመር በላይ ያለውን ለብቻ፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ለብቻ። እኔ የለካሁት የላይኛውን ብቻ ነው። ብዙ መስመር ያለው ሳጥን ደግሞ እንደ አቀማመጡ ግማሽ አካሉ ከታች ሊሆን ይችላል። ግማሹን ሳልለካው ነው እኩል ነው እያልኩ ስፈርድ የሰነበትኩት። አለቃዬ አዩትና "የታችኛውንም ደምሪው" ብለው ሻያቸውን ይዘው ሄዱ። ደመርኩት። ከዚያ ወዲያ እኩል ተሳስቶ አያውቅም።

የእህቴ እጮኛ አባት ገርጂ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ሽማግሌ ልከው እህቴን ካስጠየቁ ጀምሮ አንድ ጭንቀት ብቻ ነበራቸው፤ በልጠው እንዳይታዩ። እኛ ሦስት ሴቶች ነን፣ እነሱ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፤ ይሄ ያስጨንቃቸዋል። እኛ ቤት ሲመጡ የያዙትን ዕቃ ከበር ውጭ አስቀምጠው ነው የሚገቡት፣ የእኛን መስተንግዶ እንዳያሳንስ። የካርዱ ሐሳብም የመጣው ከሳቸው ነው። እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ካርድ አሳትሞ የየራሱን እንግዳ ይጠራል። እሳቸው ግን "ልጆቹ አንድ ሊሆኑ ነው፤ ካርዱ ለምን ሁለት ይሆናል?" አሉ። በግራ የሙሽራው ወላጆች፣ በቀኝ የሙሽራዋ ወላጆች፣ ከታች የልጆቹ ስም። "እኩል ለእኩል" አሉና ሁለት መዳፋቸውን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩን። እህቴ ወዲያው "እሷ እኮ ሥራዋ ይሄ ነው" ብላ ወደኔ ጠቆመች። እንዲህ ተዳርኩ እኔም፤ ለካርዱ።

የሙሽራዋ ወላጆች የሚለው ላይ ችግር ነበር። አባቴ በደርግ ጊዜ፣ እኔ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ እህቴ ጡት ሳትጥል፣ አንድ ጠዋት ሥራ እንደሄደ አልተመለሰም። ታስሯል ያለ አለ፤ ድንበር ተሻግሯል ያለ አለ፤ በዓይኔ አየሁት ያለም አልጠፋም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ እናቴ እንደሌሎቹ ሴቶች ሄደች፤ የተዘረጋውን ጫማና ቀበቶ አንድ በአንድ አይታ ተመለሰች። እግሯን ታጠበች፣ "የሱ ጫማ የለም" አለች፣ የተማሪዎቿን ደብተር ማረም ጀመረች።

ዘመድ በሙሉ "እርምሽን አውጪ" ይላት ነበር። ሬሳው ላልተገኘ ሰውም ይለቀሳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። እናቴ እምቢ አለች። ምክንያቷን አንዴ ብቻ ነው የተናገረችው። "መጥቶ ልቅሶው ላይ ቢደርስ ምን እለዋለሁ?" አለች። ስለዚህ እኛ ቤት ለአባቴ ማንም አልቅሶለት አያውቅም። ኮቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ገመድ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ተቦርሾ ይመለሳል። ኮቱን የምወርሰው እኔ ነኝ ብሎ የሚጠብቅ አጎት ናዝሬት አለን፤ እሱም ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳዘጋጅ የሙሽራው አባት የራሳቸውንና የባለቤታቸውን ስም ከነማዕረጉ ላኩልኝ፤ ከሥሩ "ከነቤተሰባቸው" የሚል አለ። እናቴ የራሷን ስም ብቻ ጻፈች። "ይሄው ነው?" አልኳት። "ይሄው ነው" አለች። እኩል ሥራውን ሠራ። በግራ የሳቸው ወገን ሳጥኑን ሞልቶ ተቀምጧል፤ በቀኝ የእናቴ ስም በነጭ መሃል ብቻውን ቆሟል።

ሰውየው ቢሮ ድረስ መጡ። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ዘርግተው የግራውን ለኩ፣ ጣታቸውን ሳይነቅሉ ወደ ቀኝ ወሰዱት።

"ልጄ፣ በናንተ በኩል ባዶ ነው" አሉኝ።

"እኩል ነው ጋሼ፤ ለክቼዋለሁ።"

"ሳጥኑ እኩል ይሆናል። ሰው ሳጥኑን አያይም እኮ። ሲያየው እኛ ያሳነስናችሁ ነው የሚመስለው።"

ከዚያ ራሳቸውን መቀነስ ጀመሩ። መጀመሪያ "ከነቤተሰባቸው" የሚለውን አወጡ። ቀጥለው ማዕረጋቸውን ተዉ። ይሄም አልበቃ ሲል "ባለቤቴን ብናወጣስ?" አሉ። "ይጠየቁ እንጂ" አልኩ። ተጠየቁ። በማግሥቱ ሰውየው ተመልሰው መጡና ምንም ሳያብራሩ "ባለቤቴ ትቆይ" አሉኝ።

ያን ዕለት ነው ዋናውን ነገር ያነሱት። በሩን መለስ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አባትሽን እንዴት ብለን እንጻፋቸው? ነፍስ ኄር ብንል እናትሽን እናስቀይማለን። ስማቸውን እንዲሁ ብንጽፍ ደግሞ ሰርጉ ላይ የታሉ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሷ ናት መልስ የምትሰጠው።"

"እርስዎ ቢጠይቋትስ?"

"አንቺ ልጇ ነሽ።"

ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። ትልቅ ሰው ናቸው፣ መደብር ያስተዳድራሉ፤ እኔም ዲግሪ አለኝ። አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ፈርተን ተቀመጥን። በመጨረሻ "አጎትሽን ብናስገባስ?" አሉ። ተስማማሁ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ መፍትሔ የመሰለ ነገር ሲያገኝ አይመርጥም።

አጎቴ በስልክ ስሙን ሲያስጽፈኝ የቀድሞ ማዕረጉን፣ የእድር ሰብሳቢነቱን፣ ለአንድ ክረምት የያዘውን የማኅበር ኃላፊነት ሁሉ ጨመረበት። የእኛ ወገን በአንዴ ከነሱ ረዘመ። የሙሽራው አባት ይህን አይተው፣ እኩል ይሁን ለማለት ያህል ብቻ፣ የተዉትን ማዕረግ መለሱና የወላጆች ኮሚቴ አባል መሆናቸውንም አስታወሱ። አጎቴ ይህን ከማን እንደሰማ አላውቅም፤ እንደገና ደወለ። በዚያ ሳምንት እኩል የደከመውን ያህል ለከብት መኖ ደክሞ አያውቅም።

ረቂቁን እናቴ ሳታየው አይታተምምና ወስጄ ሰጠኋት። ቀይ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ።

"ወንድምሽ ነው።"

"ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ምን ይሠራል?"

"ቁመት ይሞላል" አልኳት። እውነት ነው።

በተሳሳተ መልስ ላይ እንደምታደርገው አንድ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ከነማዕረጉ አሰመረችበት። "ልጆቼ አባት አላቸው" አለች። "የሱን ስም አስገቢ።" ከዚያ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እንዴት ብዬ እንደማስገባው አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

እህቴን ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ነገርኳት።

"ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?"

"አላውቅም። አንቺ ጠይቂያት።"

"እኔ ሙሽራ ነኝ" አለች፣ ሕግ እንደምትጠቅስ። ከዚያ አንድ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አራግፋ ሰቀለችና፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ "እኔ ሞቷል ብዬ ነው ያደግሁት" አለች። "እሷ ፊት ብዬ አላውቅም እንጂ። የማላውቀውን ሰው ልጠብቅ አልቻልኩም።"

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ጢሙ ሲወጋኝ ትዝ ይለኛል። ትልቅ ሴት ሆኜም የግቢያችን በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው፤ ከዚያ ነው ውሃ ቆጣሪ አንባቢውን የማስበው። ይሄን ለእህቴ አልነገርኳትም። እናቴ ላይ ግን ተናደድኩ። አንድ ቃል ብትለን ምን ነበረበት ብዬ፣ እስከ ቢሮ ድረስ በታክሲው መስኮት እያየሁ ተናደድኩባት።

ማተሚያ ቤቱ በሳምንቱ መጨረሻ ካላመጣሽ ለሰርጉ አይደርስም ብሎኛል። ስለዚህ ሁለት ካርድ ሠራሁ። በአንዱ የአባቴና የእናቴ ስም ብቻ፣ በሕይወት እንዳለ ሰው። የሙሽራው አባትም ማዕረጉንና ኮሚቴውን እንደገና ትተው ስለነበር በግራም ሁለት ስም፣ በቀኝም ሁለት ስም ሆነ። እኩል ለካ፣ አወዳደረ፣ ልዩነት አጣ፤ ምንም ነጭ አልጨመረም። ከፈጠርኩት ጀምሮ ሥራ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ካርዱ ያምር ነበር። በማማሩ ጠላሁት፤ እውነት ይሁን ውሸት የማላውቀው ነገር እንደዚያ ማማር የለበትም።

በሁለተኛው ላይ ከስሙ በፊት "ነፍስ ኄር" አስገባሁ። ከነአያቱ የተጻፈ ስም ስለሆነ አንድ መስመር አልበቃውም፤ ወደ ታች ወረደና የእኛ ወገን በአንድ መስመር ረዘመ።

አለቃዬ ሁለቱንም ከፕሪንተሩ ላይ አነሱ። ካርዱ የምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የቤታችንንም ታሪክ ያውቃሉ።

"የቱ ነው ትክክሉ?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ላቴክ ምን አለ?"

"በሁለቱም ስህተት የለም አለ።"

"እንግዲያው ከላቴክ ውጭ ነው" አሉና ወረቀቶቹን በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጡኝ። ያን ቀን ቀደም ብዬ እንድወጣም ፈቀዱልኝ። ሳልጠይቃቸው ሲፈቅዱ የመጀመሪያቸው ነው።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። እናቴ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደብተር እያረመች ነበር፤ እህቴ ጓዳ ውስጥ ነች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ፊቷ አስቀመጥኩና ቆምኩ። ተቀመጪ አላለችኝም። የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከላይ አውሮፕላን መጣ። እኛ ሰፈር አውሮፕላን እስኪያልፍ ሰው ወሬውን ያቆማል፤ እሷም ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"በዚህኛው እኩል ነን?" አለች።

"እኩል ናችሁ።"

"በዚህኛውስ?"

"የኛ በአንድ መስመር ይረዝማል። ለነሱ ባዶ እጨምርላቸዋለሁ።"

"ሰውየው አይቀየሙም?"

"አይቀየሙም።"

የመጀመሪያውን፣ እኩል የሆነውን አነሳች። መረጠችው ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ለራሴም ገረመኝ። እሷ ግን ለሁለት አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ፣ ከታረሙት ደብተሮች ስር ከተተችው። ሁለተኛውን ወደ ራሷ ሳበች። በቀይ እስክሪብቶዋ ከአባቴ ስም አጠገብ፣ ዳር ላይ፣ ለትክክለኛ መልስ የምትሰጠውን ራይት አደረገችበት። ምልክቷ ትንሽ ነች፣ ንጹሕ ነች። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ዘርግታ አየችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጠችው፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

"በይ ጎረቤት ጥሪልኝ" አለችኝ።

ወጣሁ። የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁና "እናቴ ትፈልግዎታለች" አልኩ፤ ሌላው ቃል አልወጣልኝም። ሴትየዋ ለሰርጉ ሥራ የተጠሩ መሰላቸው። የሽንኩርት መክተፊያ ቢላቸውን ይዘው፣ መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ ከአጥሩ ጀምሮ እልል እያሉ ገቡ። እልልታውን የሰሙ ሌሎች ሴቶችም ከየግቢያቸው ተቀበሏቸው። እህቴ የምን እልልታ ነው ብላ ከጓዳ ወጣች።

ሴትየዋ በረንዳው ላይ ሲደርሱ የእናቴን ነጠላ አዩ። እልልታቸው ተቆረጠ። ቢላውን ደረጃው ላይ አስቀመጡና "ማን?" አሉ።

እናቴ የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠራች፤ ዛሬ ጠዋት እንዳረፈ ሰው። ከዚያ ቁጭ አለች፤ አመታት ያላለቀሰች ሴት እንዴት እንደምታለቅስ ረስታው እንደሆነ እንጃ፣ መጀመሪያ ድምፅ አልወጣላትም። ሴትየዋ አባቴን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ሰፈራችን የገቡት በቅርብ ነው። ደረታቸውን መትተው እሳቸው ጀመሩላት። እሷም ተከተለቻቸው። አጥሩ ማዶ ግን ምን እንደሆነ ያልገባቸው ሴቶች አሁንም እልል ይላሉ፤ ሄዶ ዝም በሉ የሚላቸው ሰው አልነበረም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አባቴን አለቀስኩት። እህቴ መሬት ወድቃ፣ የማታውቀውን አባቷን፣ ከሁላችንም አብልጣ አለቀሰችው።